የጨርቅ ዳይፐር ወይስ የሚጣለው? ባሕር ዳር ላይ ልጅ ለምታሳድጉ

ባሕር ዳር ላይ የዳይፐር ወሬ በዋጋ ይጀምራል፣ በዋጋ ያልቃል። «ኧረ ዳይፐር እኮ አልተቻለም!» ይባላል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። እውነት ነው፣ አልተቻለም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሌላ ዋጋ ይዟል።

ግን ወደ ጨርቅ ልግባ ወይስ በሚጣለው ልቀጥል ብሎ ለሚያስብ ቤተሰብ ከዋጋው የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጨርቁን ማን ያጥበዋል? በየትኛው ውኃ? ልጁስ የተወለደው በየትኛው ወር ነው? ሦስተኛው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሐምሌ ላይ የልጅ ጨርቅ ለማድረቅ የሞከረ ሰው ግን አይስቅም።

የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ። ሌሊት፣ መንገድ ላይና ዝናቡ በጠናበት ጊዜ የሚጣለው። ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ብቻ የሚያሳድጉ ቤቶችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ጋ የማይሰለቹ አያት አብረው ይኖራሉ። ሙሉ በሙሉ በሚጣለው የሚያሳድጉም አሉ፤ እነሱ ወይ ገንዘቡ አያሳስባቸውም ወይ ጊዜው የላቸውም። እኔ አባት ነኝ። በቤታችን አጣቢውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ነገር ትንሽ ወደ ሳፋው ካጋደለ አትፍረዱብኝ።

«ጨርቅ» ሁለት ዓይነት ነው

አንደኛው እናቶቻችን የሚያውቁት ሽንት ጨርቅ ነው። ያረጀ አንሶላ ወይም ነጠላ ይቀደዳል፣ ይታጠፋል፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል፣ ከላይ የላስቲክ ፓንት ይደረግበታል። ሁለተኛው በየሱቁና በቴሌግራም የሚሸጠው የተሰፋ የጨርቅ ዳይፐር ነው። ውጪው ውኃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው። ውስጡ ኪስ አለው፤ ኪሱ ውስጥ ሽንት የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ ይገባል። ጠቅ በሚሉ ቁልፎች ይጠባል፣ ይሰፋል። ስለዚህ አንዱ ዳይፐር ልጁ ትንሽ ጠንከር ካለበት ጊዜ ጀምሮ ዳይፐር እስኪያቆም ሊያገለግል ይችላል።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዘመናዊ፣ የመጀመሪያውን የድሮ ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንደዚያ አላይም። የድሮው ጨርቅ ሲዘረጋ ድርብ የለውም። ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲያስፈልግ ይቀቀላል። የተሰፋው ለማልበስ ይቀላል፤ ማንም ሳይማር ያለብሰዋል። ግን ኪሱ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ጨርቅ ለመድረቅ ቀኑን ይፈጃል። የውጪውን ሽፋን ደግሞ የፈላ ውኃና በረኪና ያበላሹታል። ማሽን የሌለው፣ በእጁ የሚያጥብ ሰው ተራውን ጠፍጣፋ ጨርቅ ቢመርጥ ያዋጣዋል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። የጥጥ ነገር ለባሕር ዳር ሰው አይነገረውም። የከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው። (በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ፓምፐርስ ገበያ ላይ ወጣ። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ ይለኛል።) ያረጀ የጥጥ አንሶላ ከአዲሱ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ለስልሷል፣ ሽንትም ቶሎ ይመጥጣል። ፖሊስተር የበዛበት አንሶላ ግን አይመጥም፣ ያፈሰዋል። ለመለየት አንድ ጠብታ ውኃ ጣሉበት። ወዲያው ከጠጣው ጥሩ ነው። ጠብታው ላዩ ላይ ከተንከባለለ ለሌላ ነገር አውሉት።

የሚጣለው ዳይፐር ውጪው ፕላስቲክ ነው። መሃሉ ከእንጨት የተሠራ ፋይበርና ሽንት ሲነካው ወደ ጄል የሚለወጥ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ሽንት ይይዛል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ የሚያድረው በእሱ ነው። ዳይፐሩ ሲቀደድ ልጁ ቆዳ ላይ የሚጣበቀው የሚያብለጨልጭ ጄልም ይኸው ነው። ያስደነግጣል እንጂ መርዝ አይደለም፤ ጠርጎ ማጠብ ነው።

ሂሳቡ በፍሬ ነው

ዳይፐር በእሽግ አይወዳደርም። ልጁ ሲከብድና ቁጥሩ ከፍ ሲል እሽጉ ውስጥ ያለው ፍሬ ይቀንሳል፤ የእሽጉ ዋጋ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ዋጋውን ሁልጊዜ ለፍሬው አካፍሉት። ከሰፈር ሱቅ አንድ አንድ እያሉ መግዛት ከሁሉም ይወደዳል፤ የሚያሳዝነው፣ እጅ ያጠረው ሰው የሚገዛው እንደዚያ ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። ወራት ሲያልፉ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። በቀን 6 ማለት በወር 180 ፍሬ ነው። በሁለት ዓመት ከ4,000 ያልፋል። ለስሌት እንዲመች አንዱን 20 ብር ብንል በወር 3,600 ብር ነው። እናንተ የምትገዙበትን ዋጋ አስገቡበት። ለሌሊትና ለመንገድ ብቻ ብትጠቀሙ ግን፣ በቀን 2 ብንል፣ በወር 60 ፍሬ ይሆናል። ወጪው ሲሶ ሆነ ማለት ነው።

ጨርቅም በነጻ አይመጣም። ሳሙና አለ። ውኃ ማሞቂያ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ በጋሪ የሚመጣ ጀሪካን አለ። ከሁሉም የሚረሳው የሠራተኛዋ ጉልበት ነው። ስትቀጠር ያልተነገራትን በየቀኑ አንድ ሳፋ የሽንትና የሰገራ ጨርቅ መደረብ ነውር ነው። ደሞዝ ይጨመርላት። ያ ጭማሪ ሂሳቡ ውስጥ ካልገባ ቤቱ ያተረፈው ከእሷ ነው።

ስንት ጨርቅ ያስፈልጋል ለሚለው፣ በቀን 8 ጊዜ ለሚቀየር ልጅ 24 ይበቃል። ሲሶው ልጁ ላይ፣ ሲሶው ሳፋ ውስጥ፣ ሲሶው ገመድ ላይ። 70 በ70 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትቆርጡ ከአንድ ሰፊ አንሶላ እስከ 9 ይወጣል። ጠርዙን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስዘምዘም ነው። አለበለዚያ በሁለተኛው እጥበት ክሩ መተርተር ይጀምራል።

የልጅ ጨርቅ ጣና ላይ አይታጠብም

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖርና ሮቶ የሌለው ሰው ጨርቅ ከመግዛቱ በፊት ጀሪካኑን ይቁጠር። የአንድ ቀን ጨርቅ አጥቦ በደንብ ለመለቅለቅ በእኛ ቤት ሁለት ጀሪካን ጠብ አይልም። ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው ግን ፈተናው ሌላ ነው። ውኃው እዚያው አለ። በነጻ ነው። ድንጋዩም ለማጠቢያ የተመቸ ነው። ጣናና ዓባይ ዳር ልብስ ሲታጠብ ሁላችንም እያየን አድገናል። የልጅ ጨርቅ ግን እዚያ መታጠብ የለበትም።

ምክንያቱ ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ዳርቻ ከጥንት የሚታወቅ በሽታ ነው። ትሉ የሚኖረው በሰው አንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰገራው ውኃ ውስጥ ከገባ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ዳር ዳሩን በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ይባዛል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ደግሞ ውኃው ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ በቆዳው በኩል ይገባል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ መቆም ይበቃል።

እንግዲህ አንዲት እናት ጨርቁን ይዛ እስከ ጉልበቷ ገብታ ስታጥብ፣ ታላቅየው ልጇ ደግሞ አጠገቧ ሲንቦራጨቅ አስቡት። ከጨርቁ የሚለቀው ሰገራ ውስጥ እንቁላል ካለ ሐይቁ ይቀበለዋል። ሐይቁ ውስጥ እጭ ካለ እሷና ልጇ ይቀበሉታል። «የሕጻን ሰገራ ምን አለው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሕጻን ሰገራ ከአዋቂው ባልተናነሰ ጀርም ይይዛል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጨርቅ ሐይቅ ዳር ሲታጠብ ደግሞ ከጎን ውኃ የምትቀዳው ሴትዮ ቤት ያለ ልጅም ድርሻው ይደርሰዋል።

ከሐይቁ ሌላ ውኃ የሌለው ሰው ቀድቶ ወደ ቤት ይውሰደው። ሲቀዳ እግሩን ውኃው ውስጥ ባያስገባ ጥሩ ነው፤ ድንጋይ ወይም የጀልባ መቆሚያ ላይ ሆኖ መቅዳት ይቻላል። ከዚያ ውኃውን በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። የቢልሃርዚያ እጭ ሰው ካላገኘ ከ48 ሰዓት በላይ አይቆይም። የቸኮለ ያፍላው።

መቼም ስለ ቢልሃርዚያና ስለ እጥበት አንስቶ የእንዶድን ነገር መዝለል አይቻልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ነገሩን ተከታተሉትና እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉበት። ታዲያ ይህን የሰማ ጎረቤቴ «በእንዶድ ካጠብኩማ ሐይቁ ዳር ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግር አለው። የአንድ ሰው እንዶድ ለጣና ስፋት ምንም አይደለም፤ በዛ ከተባለ ደግሞ ዓሣውንም ይገድላል። እንዶድ ለጋቢና ለነጠላ ድንቅ ነው። የልጅ ጨርቅ በተራ ሳሙና ይታጠብ።

የእጥበቱ ውኃ የሚደፋው ሽንት ቤት ነው። መንገድ ዳር ያለው ቦይ መጨረሻው ያው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ጓሮ ያለው ጎመን ላይም አይደፋ።

ሳፋው ፊት

ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራ በውኃ ይለቃል። እስከ 6 ወር ድረስ ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ልጁ ገንፎና ድንች ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ጨርቅ የጀመረ ቤት ብዙውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መላው ቀላል ነው። ጨርቁ ላይ ሌላ ስስ ቁራጭ ጨርቅ አንጥፉ። ሰገራው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሽንት ቤት ታራግፉታላችሁ፤ ዋናው ጨርቅ የሽንት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። ከመነሻው ሙቅ ውኃ ካገኘው እድፉ ይጋገርበታል። ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና። ከዚያ መለቅለቅ፣ አረፋው እስኪጠፋ። ሰው የሚሰንፈው መለቅለቁ ላይ ነው፤ ውኃም የሚያልቀው እሱ ላይ ነው። ግን ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና የልጁን ቆዳ ያሳክካል፣ ሽንት ሲነካውም ይሸታል። ልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ። ጨርቁን ይለብጠውና መምጠጥ ያስተወዋል። በረኪና በየቀኑ አያስፈልግም። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው የጥጡን ጨርቅ መቀቀል ይበልጣል።

ዘፍዝፎ ማሳደርን በተመለከተ ከአማቴ ጋር አንስማማም። እሳቸው ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት እንደዚያው ነው። እኔ ጨርቁን ደረቁን ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጬ ጠዋት አጥባለሁ። የተዘፈዘፈው ይሸታል። ከሽታው የሚብሰው ደግሞ መዳህ የጀመረ ልጅ ባለበት ቤት ውኃ ያለው ባልዲ ወለል ላይ ማደሩ ነው። ሕጻን ልጅ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ሊሰጥም ይችላል።

እኚሁ አማቴ መጀመሪያ ሳፋው ፊት ቁጭ ብዬ ሲያዩኝ «በስመ አብ!» ብለው አማትበዋል። አሁን ለጎረቤት የሚያወሩልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን ከእሳቸው ተምሬያለሁ። ልጁ ከእንቅልፉ እንደነቃና ጠብቶ እንደጨረሰ ቶሎ አንስቶ ማሸናት። ሁልጊዜ አይሳካም። ሲሳካ ግን አንድ ጨርቅ ቀነሰ ማለት ነው።

ማን ያጥባል የሚለውን በአራስ ቤት ጉልበት አትለኩት። ያኔ እናት አለች፣ እህት አለች፣ አክስት አለች፤ እጅ አይጠፋም። ክርስትናው፣ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን፣ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይበተናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እሱም ያልቃል። ምርጫው የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ባለው ተራ ማክሰኞ ነው። ከሥራ ገብታችሁ፣ እራት ሳይሠራ፣ ውኃ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሎ። በዚያ ቀን ማን ሳፋው ፊት ይቀመጣል? መልስ ካላችሁ ጨርቅ ግዙ።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ግን ለሁሉም ሰው የሚጣለውን እመክራለሁ። አዲስ የተወለደ ልጅ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥቁር አረንጓዴ ሰገራ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ነው፤ ጨርቅ አይለቅም። ዳይፐሩ ወይም ጨርቁ ከእትብቱ በታች ታጥፎ ይዋል፤ እትብቱ አየር ሲያገኝ ቶሎ ይደርቃል።

ሐምሌና ነሐሴ

በበጋ ባሕር ዳር ለጨርቅ የተፈጠረች ከተማ ናት። ጠዋት የተሰጣ ጠፍጣፋ ጨርቅ ከምሳ በፊት ይደርቃል። ፀሐዩ ማድረቅ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ጀርም ይቀንሳል፣ የሰገራውንም እድፍ ያነጣል።

ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን የሚብሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ጨርቁ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ይውላል፣ ሦስተኛው ቀን ይሸታል። ቤት ውስጥ በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ጨርቅ ይሰጣል። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ይጠፋል። ይህን ጊዜ ሰው ወደ ከሰል ይሄዳል። እባካችሁ አታድርጉት። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ አዋቂውንም ሕጻኑንም ይገድላል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ከሆነ እንጀራው ካለቀ በኋላ ማዕድ ቤቱ ሞቅ ብሎ ይቆያል፤ ጨርቁን እዚያ መስቀል ይቻላል። የቀረውን እርጥበት ካውያ ይጨርሰዋል።

ካውያው ሌላም ጥቅም አለው። በሞቃታማ የአፍሪካ አካባቢዎች እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች። እጩ የልጅ ቆዳ ውስጥ ገብቶ እባጭ ይሠራል። ስለዚህ ሣር ላይ ወይም መሬት ላይ አታስጡ። ገመድ ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ካልደረቀ በካውያ ሁለቱንም ገጽ።

ልጃችሁ ሰኔ ላይ ከተወለደ በሚጣለው ጀምሩ። ጨርቁን መስከረም ሲጋመስ አውጡት። ጥቅምት ላይ ለተወለደ ልጅ ግን ከፊታችሁ ብዙ ወር ደረቅ ፀሐይ አለ። ልጁ ጡት ብቻ የሚጠባበት ቀላሉ ጊዜም ከእሱ ጋር ይገጥማል። ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

ቆዳው

«ጨርቅ አያቃጥልም፣ ዳይፐር ያቃጥላል» ይባላል። እንደ አያያዙ ነው። ልጁን የሚያቀላውና የሚልጠው ሽንትና ሰገራ ቆዳው ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ነው። የሚጣለው ሽንቱን ወደ ውስጥ ስቦ ስለሚይዝ ቆዳው ደረቅ ይሆናል፤ በዚያው ልክ ሰው ይዘናጋል፣ ዳይፐሩ ከብዶ እስኪንጠለጠል ይተወዋል። ጨርቅ አያዘናጋም። እንደረጠበ ልጁ ያለቅሳል፣ እናንተም ታያላችሁ። ቶሎ ከቀየራችሁ ጥሩ፤ ካልቀየራችሁ ከሚጣለው ይብሳል።

የጨርቅ አንድ ጥሩ ጎን ለአራስ እናት ይጠቅማል። ልጁ ስንት ጊዜ እንደሸና በግልጽ ይታያል። ከተወለደ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና ወተቱ እየበቃው ነው ማለት ነው። በሚጣለው ይህን መቁጠር ያስቸግራል።

የላስቲክ ፓንቱ ሙቀት ያፍናል፤ በቀን ትንሽ ጊዜ ልጁን ያለ ምንም አስተኙት። በላስቲክ ፓንት ፈንታ ፌስታል ማሰር ጭራሽ አይሆንም፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ልጁ ፊቱ ላይ ካደረገው ደግሞ ያፍነዋል። ፓውደር አትንፉበት፤ ልጁ ይተነፍሰዋል። ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ይበቃል። ግን ቅባቱ ጨርቁን ይለብጠዋልና ያችኑ ስስ ቁራጭ በመሃል አንጥፉ። መቅላቱ በጥቂት ቀን ካልለቀቀ፣ ወይም እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ትናንሽ ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ አሳዩት።

ጀርባ፣ ሌሊት፣ መንገድ

እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የታዘለ ልጅ ጨርቅ ውስጥ ሲሸና የሚረጥበው ያዘለው ሰው ነው። ቅዳሜ ገበያ መሃል ላይ ያጋጠመው ያውቀዋል። ለዘጌ ጀልባ፣ ለአዲስ አበባ አውቶብስ፣ ለሰርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚጣለውን ያዙ። ሌሊትም እንዲሁ። ሕጻን ያለበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ከገንዘብ ይበልጣል።

ከተጣለ በኋላ

«የሚጣል» ይባላል እንጂ የትም አይሄድም። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ሽንት ጠጥቶ ያብጣል፣ ጉድጓዱን ይሞላል። መምጠጫ መኪና ሲመጣ ቱቦው ይዘጋል፤ ሠራተኞቹ የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም። ቦይ ውስጥ ከተጣለ በመጀመሪያው ዝናብ ቦዩን ይደፍናል። ጓሮ ውስጥ ማቃጠልም ፕላስቲክ ማቃጠል ነው። ትክክለኛው ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፎ፣ ጠቅልሎ አጣብቆ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋር ለሰብሳቢዎቹ መስጠት ነው። ያልተራገፈ ዳይፐር በእጁ የሚያነሳ ሰው እንዳለ አስቡ።

ጨርቅ ለአካባቢ ይሻላል ወይ ለሚለው የብሪታንያ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት አለ። ከአየር ንብረት አንጻር ሁለቱ ብዙም አይራራቁም፤ ለውጡን የሚያመጣው አስተጣጠቡ ነው ይላል። ጨርቁን በማሽን ሙሉ ጭነት የሚያጥብ፣ በማሽን ሳይሆን ገመድ ላይ የሚያደርቅ፣ ለሁለተኛ ልጅም የሚጠቀምበት ቤት ጉዳቱን በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የእኛ ጉዳት ከዚያም ሳያንስ አይቀርም። አብዛኞቻችን በእጅ እናጥባለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ መብራታችንም በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነው።

ታዲያ እናንተስ?

ግቢ፣ ገመድ፣ በየቀኑ ውኃና የሚያጥብ ሰው ካለ፣ ጨርቅ። ሳትጨነቁ ግቡበት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁና ማስጫችሁ መስኮት ብቻ ከሆነ ጠፍጣፋውን ጨርቅ ምረጡ፤ ወፍራሙ አይደርቅላችሁም። ክረምቱን ደግሞ በሚጣለው አሳልፉ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣለት ቤት፣ መንታ ለያዘችና ብቻዋን ላለች እናት፣ ከወሊድ በኋላ ላልበረታች ሴት ጨርቅ አልመክርም። ከጎረቤት «እኛ ድሮ በጨርቅ አሳድገን የለ?» የሚል ቢመጣ፣ ያኔ ስንት ሰው አብሯቸው ያጥብ እንደነበር ጠይቁት። ሞግዚት ወይም የሕጻናት ማቆያ ለመጠቀም ካሰባችሁ ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ብዙዎቹ ጨርቅ አይቀበሉም።

ሃያ አራቱን በአንድ ጊዜ አትግዙ። የተሰፋውን ከመረጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ወስዳችሁ ጥቂት ሳምንት ሞክሩ። በጭኑ በኩል ያፈሳል? ኪሱ ውስጥ ያለው ጨርቅ በአንድ ቀን ይደርቃል? የሚያጥበው ሰው አጉረመረመ? ከዚያ የቀረውን ግዙ። ያገለገሉ ጨርቆች ከጓደኛ ካገኛችሁም ተቀበሉ፤ የጥጥ ከሆኑ ቀቅሎ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው። የተሰፉት ከሆኑ ግን የእግሩን ላስቲክ ሳብ አድርጋችሁ እዩት። ከላላ ልብስ ሰፊ በትንሽ ገንዘብ ይቀይረዋል።